በጠባሳው የታወቀው የአገር መልእክተኛ

ልጇን ባሕር ማዶ የላከች የንፋስ ስልክ ላፍቶ እናት፣ ስልኳ ሳይጮህ በዋለ ቁጥር ልቧ ተሰቅሎ ይውላል። ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ሽቦ ከማያሻው የሬዲዮ መልእክት ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት ግን አንድ ቤተሰብ የጠፋ ልጁን ወሬ ሳይሰማ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖሯል። ያ ልጅ ኋላ ኢትዮጵያን በለንደን የወከሉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው ወርቅነህ በግርግሩ ከወላጆቹ ተለየ። አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰደው። ካሳደጉትና ካስተማሩት ሁለት መኮንኖች ስም ተውጣጥቶም ቻርለስ ማርቲን ተባለ። ላሆር ሕክምና ተምሮ በበርማ አገር በሐኪምነት ሠራ።

የዐድዋ ድል ወሬ ሲደርሳቸው ሐኪሙ አገራቸውን መፈለግ ጀመሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ሲገቡ አማርኛው ጠፍቶባቸው ነበር። አያታቸው ግን የልጅነት ጠባሳቸውን አይተው ለይተው አወቋቸው።

ሐኪም ወርቅነህ ከሕክምናው ሌላ በትምህርትና በአስተዳደር አገልግለዋል። በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ግድብ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተልከው፣ የተማሩ ጥቁር አሜሪካውያን መጥተው እንዲሠሩም ጋብዘዋል። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ደግሞ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ያደጉበትን ቋንቋ ይዘው በጋዜጣና በስብሰባ ለወገናቸው ተከራከሩ። ለሴቶች የምርጫ መብት የታገለችው ሲልቪያ ፓንክረስት ከጎናቸው ቆመች፤ በዚያው ዓመት ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ማሳተም ጀመረች።

በእንግሊዝ አገር የተማሩት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ግን አገር ቤት ገብተው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ሁለቱም ተገደሉ። አባት ለንደን ሆነው ስለ ሌላው ልጅ ሁሉ ሲጮኹ የራሳቸውን ልጆች አጡ።

ሐኪም ወርቅነህ ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ።

እናቶች ሆይ፣ የልጅን ጠባሳ ከነምክንያቱ የምናስታውሰው እኛው ነን። ልጆቻችን ሩቅ ቢሄዱም የማን ልጅ መሆናቸውን እንዳይረሱ፣ የዘራቸውንና የአገራቸውን ታሪክ ከማዕድ ጋር እናቅርብላቸው።