ኤሊዋ ሻንጣ ውስጥ አትገባም

ባለፈው ክረምት ከአሜሪካ የመጣው የሰባት ዓመት የልጅ ልጄ ገርጂ በሚገኘው ግቢያችን ካለችው ኤሊ አልለይ ብሎ ሰነበተ። ጠዋት ጎመን ያበላታል፣ ማታ ደህና እደሪ ይላታል። መሄጃቸው ሲቃረብ፣ «አያቴ፣ ከእኛ ጋር ትሂድ» አለኝ። እናቱም አንጀቷ አልችል ብሎ፣ «እማዬ፣ ድምፅ እንኳ የላት፤ በጨርቅ ጠቅልለን ሻንጣ ውስጥ ብናስቀምጣት ማን ያውቃል?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ በሌሎች ቤቶችም ስለሚነሳ፣ ያወቅሁትን ላካፍላችሁ።

ኤሊ፣ ጦጣና በቀቀን ቤት ውስጥ ቢለምዱም በሕግ ፊት እንደ ውሻና ድመት አይታዩም። አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝንም ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ጉዳዩን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። አገራችን በ1981 ዓ.ም. የተቀበለችው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም አለ። አቦሸማኔና ግራጫው በቀቀን በጣም ጥብቅ በሆነው በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ዥንጉርጉሯ የግቢያችን ኤሊ ያለችው በሁለተኛው ነው፤ እሷም ብትሆን ያለ ፈቃድ ድንበር አትሻገርም።

ከቦሌ ብትወጣ እንኳ የሚቀበላት አገር ሕግ ይጠብቃታል። አሜሪካ ይህን የኤሊ ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ እንዳይገባ ከልክላለች። ኤሊዋ ላይ የሚጣበቀው መዥገር ከብት፣ በግና ፍየል የሚገድል በሽታ ሊያስገባ ይችላልና። ጦጣንም ለቤት እንስሳነት ማስገባት እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ክልክል ነው።

ለእኔ ለነርሷ ግን ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። ጤነኛ የምትመስል ኤሊ ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ በሆዷ ይዛ ልትኖር ትችላለች። ብዙውን ሰው ለጥቂት ቀናት በተቅማጥና በትኩሳት አሰቃይቶ ይተወዋል፤ ጨቅላዎችንና እኛን አረጋውያንን ግን ወደ ደም ገብቶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። የልጁ ታናሽ እህት ገና የስምንት ወር ሕፃን ናት፤ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ የምትወስድበት ዕድሜ ነው። ይህን ስነግራት እናቱ ዝም አለች።

ልጁ አለቀሰ። እንባውን ጠርጎ ግን፣ «አንቺስ ፈቃድ አለሽ?» አለኝ።

የለኝም። ቤቱን ስንሠራ ግቢው ውስጥ ያገኘናት ናት፤ ከልጆቼ ጋር ስላደገች የእኔ መሰለችኝ እንጂ ፈቃድ ያስፈልጋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እናንተም ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሁለቱንም አገሮች መሥሪያ ቤቶች ጠይቁ። ቤታችሁ ኤሊ ካለች ልጆች ነክተዋት ሲመለሱ እጃቸውን በሳሙና አስታጥቧቸው፤ ምግብ የሚሠራበት ቦታም አታስገቧት።

የልጅ ልጄ በደወለ ቁጥር ከሰላምታው በፊት፣ «ፈቃድ አወጣሽ?» ይለኛል። በሚቀጥለው ሲደውል መልስ እንዲኖረኝ፣ በዚህ ሳምንት ወደ ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት እሄዳለሁ።