የወንድም ጋሼ ቅንድብ

በእናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ለዓመታት ተሰቅሎ የኖረ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። በ1966 ዓ.ም. ለጥምቀት ፒያሳ ከነበረ ፎቶ ቤት የተነሱት ነው። እናቴ የ13 ዓመት ልጅ ሆና ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እስከ ዛሬ «ወንድም ጋሼ» የምትለው ታላቅ ወንድሟ ኮትና ክራቫት አድርጎ ከኋላዋ ቆሟል። ሁለቱ አብረው የተነሱት ሌላ ፎቶ የለም። እሱ በ1970 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም።

ፎቶው ራሱ ብዙ አይቷል። ቤት ለቤት አሰሳ በነበረበት ጊዜ አያቴ አራት ቦታ አጥፋ ትራስ ውስጥ ሰፋችው። ደርግ ሲወድቅ ከትራሱ ወጥቶ መስታወት ገባ፤ እጥፋቱ ግን መስቀለኛ ሆኖ ቀረ። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ የልደታው ሰፈራችን ፈርሶ ዕቃ ስናጓጉዝ ደግሞ ዝናብ መታው። አሁን የባቡሩ ድምፅ በሚሰማበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ፣ ቡናማ እድፍ ወርሶት፣ የታችኛው የቀኝ ጥጉ ተበልቶ ተሰቅሏል። አንደኛው እጥፋት በወንድም ጋሼ ግራ ዐይን ላይ ያልፋል።

ባለፈው የግንቦት ልደታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ንፍሮ እየቆረጠመ ሳለ፣ ልጄ ፎቶውን በስልኳ አንስታ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚሠራ አንድ መተግበሪያ ሰጠችው። ደቂቃ አልፈጀም። እጥፋቱ ጠፋ፣ ፊቱ ጠራ፣ ዐይኑ አበራ። ሁላችንም አጨበጨብን። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ስልኩን አቅርባም አርቃም አየችው።

«ቆንጆ ልጅ ነው» አለች። «የማን ነው?»

ልጄ አለቀሰች። ጥፋቷ አልነበረም። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ከሥዕሉ የጠፋውን ፈልጎ አያመጣም፤ የተማራቸውን ብዙ ፊቶች ተመርኩዞ የሚመስለውን ይሞላል። ለአበባ ወይም ለግድግዳ ይሄ ምንም አይደለም። ለአጎቴ ዐይን ግን ሌላ ሰው አመጣለት።

ከልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ከሚሠሩት ቤቶች በአንደኛው፣ አሮጌ ፎቶ የሚያድስ ወጣት እንዳለ ነገሩኝ። እናቴን ይዤ ሄድኩ። ልጁ መጀመሪያ ያደረገው እጄን መያዝ ነው፤ ፎቶውን ከመስታወቱ ልልጠው ነበር። የድሮ ፎቶ ምስሉ ያለው በስሱ ጄላቲን ውስጥ ነው። ጄላቲኑ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ መስታወቱን ይዞ ይቀራል። ቢጎተት ወረቀቱ ይመጣና ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከነመስታወቱ፣ ከግራና ከቀኝ በጎን መብራት አብርቶ በካሜራ አነሳው። ያልተጣበቀ ፎቶ ከሆነ በስካነር፣ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ ይሻላል ብሎኛል።

ጥቁርና ነጩን ፎቶ በቀለም ማንሳቱ ገርሞኝ ነበር። ምክንያቱን ኮምፒውተሩ ላይ አሳየኝ። የቀለም ፎቶ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ቡናማው እድፍ በሰማያዊው ላይ እንደ ጥቀርሻ ሲታይ በቀዩ ላይ ጭራሽ የለም ለማለት ይቻላል። ቀዩን ብቻ ወስዶ ቀጠለ። የ15 ዓመት እድፍ በአንድ ጠቅታ ሲለቅ እናቴ «በስመአብ!» አለች።

ሌላው ሥራ የእጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ዋናውን ፋይል ሳይነካ አስቀምጦ፣ በላዩ ሌላ ሌየር ከፍቶ፣ ከእጥፋቱ ጎን ካለው ደህና ቦታ እየቀዳ ስንጥቁን ይሸፍናል። እሱ በፎቶሾፕ ነው የሚሠራው፤ ቤት ውስጥ መሞከር ለሚፈልግ ጂምፕ የሚባለው በነፃ ይገኛል። እናቴ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ከቦርሳዋም የወንድም ጋሼን የ8ኛ ክፍል ጉርድ ፎቶ አወጣች። ልጁ ዐይኑን ከዚያ ቆርጦ ይለጥፋል ብዬ ነበር፤ አላደረገውም። «የሦስት ዓመት ልዩነት አለው። እያየሁት ነው የምሠራው» አለ።

ቅንድቡ ላይ ሲደርስ ነጭ ፍቅፋቂ የመሰለች ነጥብ አገኘና በብሩሹ አጠፋት።

«ልጄ፣ ምን አደረግክ?»

«እማማ፣ ቀለሙ ተልጦ ነው እኮ።»

«አልተላጠም። ጠባሳው ነው። ድንጋይ የወረወርኩበት እኔ ነኝ።»

ይህን ታሪክ በሃምሳ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ልጁ ወደኋላ መለሰውና ጠባሳው ተመልሶ መጣ። ጉርድ ፎቶውንም አተኩረን ስናይ እዚያው ቦታ አለ። ልጄ የሠራችበት ፕሮግራም ያቺን ነጥብ አጥፍቷት ነበር፤ እናቴን ያሳሳታት እሷ ሳትሆን አትቀርም።

የተበላው ጥግ ላይ የወንድም ጋሼ ቀኝ እጅ ነበር። ልጁ ሌላ እጅ አስመስሎ ሊስልበት እንደሚችል ሲነግራት፣ እናቴ እጁ ወንበሩ ላይ ይሁን ትከሻዋ ላይ እንደማታስታውስ ተናገረች። እንዲሁ ግራጫ ሆኖ እንዲቀር ተስማማን።

ነገሩ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፍ የተሰበሰበው ከከተማው ነዋሪዎች አልበም ነው፤ ያገላበጠ ሰው የራሱን አክስት ያየ ይመስለዋል። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ፎቶ ካለ ላሚኔት አታስደርጉት፤ ሙቀቱና ሙጫው ያበላሹታል፣ ማስለቀቅም አይቻልም። ጀርባው ላይ ስም ስትጽፉም እስክሪብቶ ትታችሁ ለስላሳ እርሳስ ተጠቀሙ። የሚያውቀው ሰው በሕይወት እያለ ጠይቁ፤ እኔ ዘግይቻለሁ ማለት ይቻላል።

ሥራው ሲያልቅ አራት ቅጂ አሳተምን፤ አንዱ አሜሪካ ላለችው አክስቴ ነው። ልጁ የተቀደደውን የኮቱን ኮሌታ ሊያስተካክል አንድ ቀን ተጨማሪ ጠይቆ ነበር። እናቴ ግን ቦርሳዋን አንስታ ቆመች።

«ኮቱን ተወው ልጄ» አለችው። «የፎቶ ቤቱ ነው።»