ጌታ የተሰቀለው በስንት ሰዓት ነው?

በስቅለት ዓርብ ከስታዲየም ወደ መስቀል አደባባይ ተሻግራችሁ ቅዱስ እስጢፋኖስ ብትገቡ ግቢው ነጠላ ባጣፋ ሰጋጅ ተሞልቶ ታገኙታላችሁ። ግብረ ሕማማት ይነበባል፣ ሕዝቡ ይሰግዳል፣ ቀኑ በሰዓት በሰዓት ተከፍሎ ይጸለያል። በ3 ሰዓት ግርፋቱ፣ በ6 ሰዓት ስቅለቱ፣ በ9 ሰዓት ሞቱ፣ በ11 ሰዓት ቀብሩ ይታሰባል። እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምረን ስለምንቆጥር ወንጌሉ «ስድስት ሰዓት» ሲል እጃችን ላይ ያለው ሰዓት የሚለውን ነው የሚለው። ሌላው ዓለም ማስላት ይኖርበታል፤ እኛ እንዳለ እንሰማዋለን።

እንግዲህ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ግለጡና ሁለት ቦታ አንብቡ። ማርቆስ 15፥25 ጌታን የሰቀሉት በ3 ሰዓት ነው ይላል። ዮሐንስ 19፥14 ደግሞ 6 ሰዓት ገደማ ጌታ ገና በጲላጦስ ፊት እንደነበረ ይናገራል። በማርቆስ አነጋገር ከተሰቀለ ሦስት ሰዓት አልፎታል፤ በዮሐንስ አነጋገር ገና ተላልፎ አልተሰጠም። በስግደቱ ቀን ሁለቱም ንባብ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ ሕዝብ ጆሮ ውስጥ ይገባል።

ይህን ያስተዋለ ወዳጅ ጥያቄውን ሲያነሣ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል። አንዱ «እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም» ይለዋል። ሌላው «እንግዲያው መጽሐፉ በሙሉ ተረት ነው» ይለዋል። ሁለቱም ቸኩለዋል። እኔ ላሳያችሁ የምጓጓው ከሁለቱም በፊት የነበረውንና አባቶቻችን የሄዱበትን መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ልዩነቱ አይደበቅም፤ ጎን ለጎን ይቀመጥና ይጠየቃል።

መንገዱ ሲጀመር አንድ ትልቅ ፈተና ነበረበት። በ170 እ.ኤ.አ. ገደማ ታትያን የተባለ ሶርያዊ አራቱን ወንጌሎች ቆራርጦና ገጣጥሞ አንድ ወጥ ታሪክ አደረጋቸው። ዲያተሳሮን ይባላል። በሶርያ አብያተ ክርስቲያናት ለረጅም ዘመን ተነቧል። ሐሳቡ ማራኪ ነበር፤ አንድ ታሪክ ብቻ ካለ የሚጋጭ ነገር አይኖርም። ቤተ ክርስቲያን ግን በመጨረሻ አልተቀበለችውም። በ5ኛው መቶ ዓመት ቴዎዶሬት የተባለ ኤጲስ ቆጶስ በሀገረ ስብከቱ ከ200 በላይ ቅጂዎች ሰብስቦ በምትካቸው አራቱን ወንጌሎች እንዳኖረ ራሱ ጽፏል። ልብ በሉ፤ ልዩነቱን የሚያጠፋ መጽሐፍ በእጃቸው እያለ ልዩነቱ ያለበትን መረጡ።

ከዚያ ይልቅ የተስፋፋው የቂሣርያው አውሳብዮስ ያዘጋጀው ዘዴ ነው። አውሳብዮስ ወንጌሎቹን በትናንሽ ክፍል ቆጠረና አሥር ሰንጠረዥ ሠራላቸው። አንደኛው ሰንጠረዥ አራቱም የሚተርኩትን ክፍል ያሳያል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሦስቱ የሚተርኩትን፣ ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው ሁለቱ የሚተርኩትን፣ አሥረኛው አንዱ ብቻውን የተናገረውን ይዟል። አንባቢው ማርቆስን እያነበበ ያንኑ ነገር ዮሐንስ እንዴት እንዳስቀመጠው በቁጥር ፈልጎ ያገኛል።

ይህ ዘዴ የእኛም ነው። ከዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የግእዝ ወንጌሎች ብራናቸው በካርቦን ሲመረመር ከ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ባለው ዘመን የተዘጋጁ ሆነው ተገኝተዋል። ከዓለም ጥንታውያን ባለ ሥዕል ወንጌሎች መካከል ናቸው። በመጀመሪያ ገጾቻቸው ላይ በአዕማድና በቅስት፣ በአዕዋፍና በአበባ ያጌጠው ምን መሰላችሁ? የአውሳብዮስ ሰንጠረዥ ነው። አራቱ የት እንደሚገናኙና የት እንደሚለያዩ የሚያሳየው ገጽ የመጽሐፉ በር ሆኖ ከሁሉ ባማረ ቀለም ተሥሏል። የሚያሳፍራቸው ነገር ቢሆን ኖሮ በሩ ላይ አያስጌጡትም ነበር።

ከብራናው ወደ ጉባኤ ቤቱ እንሂድ። የትርጓሜ ትምህርት በአራት ጉባኤ ይሰጣል፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። በጎንደር ዘመን «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» የሚባሉ ሁለት የትርጓሜ ስልቶችም ነበሩ። ተማሪው የግእዙን ንባብ ያሰማል፣ መምህሩ በአማርኛ ይተረጉማል፣ ታሪክና ሐተታ ይጨምራል። አንድ ፍቺ ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ ሲያስፈልግም ሦስተኛውን ያስከትላል። ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ግን መምህሩ ራሱ ጥያቄ ማንሣቱ ነው። «ምነው እንዲህ አለ ቢሉ» ይልና ተቃዋሚው ሊናገር የሚችለውን ተማሪው ሳይጠይቀው ያመጣዋል፤ ከዚያ ይመልሳል። ለብዙ ዘመን በቃል ሲወርድ የኖረው የወንጌል አንድምታ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ታትሞ ስለወጣ ዛሬ ማንም ሊያነበው ይችላል። እንግሊዛዊው ቄስና ተመራማሪ ሮጀር ካውሊ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህ ትርጓሜ ከጥንቱ የአንጾኪያና የሶርያ ሊቃውንት ትምህርት ጋር ያለውን ዝምድና በሰፊው አሳይቷል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንመለስና በጉባኤ ቤቱ ልማድ «ምነው ማርቆስ በ3፣ ዮሐንስ በ6 አለ ቢሉ» ብለን እንጠይቅ። የጥንቱ ሊቅ የአውግስጢኖስ መልስ ይህ ነው፤ በ3 ሰዓት «ይሰቀል» ብሎ የጮኸው አንደበት ሰቀለው፣ በ6 ሰዓት ደግሞ የወታደሮቹ እጅ ሰቀለው። የእኛም የስግደት ሥርዓት መከራውን ከ3 ጀምሮ ስቅለቱን በ6 ማሰቡ ለዚህ ቅርብ ነው። አንድም፣ የገልባጭ ስሕተት ነው ያሉ የጥንት ሊቃውንት አሉ፤ 3 እና 6 በግሪክኛ በፊደል ሲጻፉ ስለሚመሳሰሉ አንዱ በአንዱ ተተክቷል ብለዋል። አንድም፣ ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ዮሐንስ ሰዓቱን የጠቀሰው በምክንያት ነው። እዚያው ቁጥር ላይ ዕለቱ የፋሲካ ዝግጅት መሆኑን ይነግረናል፤ የፋሲካው በግ የሚታረድበት ጊዜ እየቀረበ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ጌታን የእግዚአብሔር በግ ብሎ ያስተዋወቀን ወንጌላዊ እዚህ ላይ በጉ ወደ መታረዱ ሲሄድ ያሳየናል።

ሦስቱ መልሶች አንድ ዓይነት አይደሉም። የመጀመሪያው ሁለቱን ያስማማል፣ ሁለተኛው ስሕተትን ይቀበላል፣ ሦስተኛው የጸሐፊውን ዓላማ ይፈልጋል። ስለዚህ «ይጋጫል» የተባለ ቦታ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የምን ዓይነት ልዩነት እንደሆነ ለዩ።

አንዳንዱ የተመልካች ልዩነት ነው። በኢያሪኮ ማቴዎስ ሁለት ዕውሮች ተፈወሱ ሲል ማርቆስ በርጤሜዎስን ብቻ በስም ይጠራል። በመቃብሩ ዘንድ ማቴዎስና ማርቆስ አንድ መልእክተኛ፣ ሉቃስና ዮሐንስ ሁለት ያያሉ። አዲስ አበባ ስታዲየም ገብታችሁ የምታውቁ ይህ አይከብዳችሁም፤ ያንኑ ጎል ከካታንጋ ያየው፣ ከሚስማር ተራ ያየውና ከጥላ ፎቅ ያየው ማታ ላይ ሲያወሩት ማን እንዳቀበለና ከየት እንደተመታ ይለያያሉ፣ ውጤቱ ላይ ግን አይለያዩም።

አንዳንዱ የቅጂ ልዩነት ነው። ንጉሥ አካዝያስ ሲነግሥ በ2ኛ ነገሥት 8፥26 ዕድሜው 22 ነው፤ በ2ኛ ዜና መዋዕል 22፥2 በዕብራይስጡ 42 ነው። አባቱ ኢዮራም በ32 ዓመቱ ነግሦ 8 ዓመት ገዝቶ ስለሞተ 42 ከሆነ ልጅ አባቱን በሁለት ዓመት ሊበልጥ ነው። ሌሎች ጥንታውያን ቅጂዎች ደግሞ ቁጥሩን በሌላ ጽፈውታል። እጅ እንደሳተ ግልጽ ነው፤ ይህን ማመን የማንንም ሃይማኖት አይነካም።

አንዳንዱ የሥርዓትና የልማድ ጉዳይ ነው። የዮሴፍ አባት በማቴዎስ ያዕቆብ፣ በሉቃስ ኤሊ ነው። በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዩልዮስ አፍሪቃኖስ የተባለ ጸሐፊ የዘዳግም 25ን ሕግ አስታወሰ፤ ወንድም ልጅ ሳይወልድ ሲሞት ወንድሙ ሚስቱን አግብቶ ዘሩን ይተካለታል። ስለዚህ ዮሴፍ በሥጋ የያዕቆብ፣ በሕግ የኤሊ ልጅ ነው አለ። የወንድምን ሚስት መውረስ በታወቀበት አገር ይህ መልስ ባዕድ አይሆንም።

አንዳንዱ ደግሞ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ምሳሌ 26፥4 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት ይላል፤ ቁጥር 5 መልስለት ይላል። አዘጋጁ ሁለቱን ያጎራበታቸው ሳያይ ቀርቶ አይደለም። የትኛው መቼ እንደሚሠራ መለየት የአንባቢው ጥበብ እንዲሆን ተወለት።

በጣም የሚከብደውንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። ዳዊት ሕዝቡን እንዲቆጥር ያነሣሣው በ2ኛ ሳሙኤል 24፥1 የእግዚአብሔር ቍጣ ነው፤ በ1ኛ ዜና መዋዕል 21፥1 ሰይጣን ነው። እዚህ ላይ የሚያከራክረው ከቁጥርና ከሰዓት ያለፈ ነው፤ ክፋት ከማን እንደሚመጣ ነው። እግዚአብሔር ሲፈቅድ ሰይጣን ፈተነ የሚለው መልስ ያስማማቸዋል፤ በመጽሐፈ ኢዮብም ይደገፋል። የኋለኛው ጸሐፊ የፊተኛውን እያሰበ ነገሩን በጥንቃቄ አብራራው የሚሉም አሉ። በሁለቱም በኩል ብንሄድ ጥያቄው አብሮን ይኖራል፤ ያመነ ሰው ደግሞ ከእንዲህ ያለ ጥያቄ ጋር መኖር ይችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልዩነቱን በግድ አናስማማ። ጴጥሮስ ጌታን ሲክድ ዶሮው አንዴ ወይስ ሁለቴ ጮኸ የሚለውን ለማስታረቅ አሜሪካዊው ሃሮልድ ሊንድሴል በ1976 እ.ኤ.አ. ጴጥሮስ ስድስት ጊዜ ካደ የሚል መፍትሔ አቀረበ። አራቱም ወንጌሎች ሦስት ነው የሚሉት። ወንጌልን ለማዳን ሲባል የትኛውም ወንጌል የማያውቀው አምስተኛ ታሪክ ተፈጠረ። ቅንነቱ አይጠረጠርም፤ ነገር ግን ታትያን ወዳለበት መመለስ ነው።

እንግዲህ እምነት ከዚህ ሁሉ ጋር ይታረቃል? አዎ፤ የቆመበት ቦታ ከታወቀ። አራቱ በሰዓቱ ቢለያዩም በጴንጤናዊው ጲላጦስ ዘመን፣ በዝግጅት ቀን ዓርብ፣ በመስቀል ላይ መሞቱን፣ በሰንበት ማግስትም መቃብሩ ባዶ ሆኖ መገኘቱን በአንድ ቃል ይናገራሉ። ቤተ ክርስቲያን የምታምነው ይህን ነው። ሰዓቱን ስታነብ ግን ሁለቱንም ታነባለች፤ ከምስክሮቿ አንዱን ዝም ለማሰኘት ፈቃደኛ አልሆነችምና።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው ሕማማት አራቱን የሕማም ታሪኮች አንድ ላይ ገልጣችሁ አንብቡ። የሚለያዩበትን ጻፉ፣ ዓይነቱን ለዩ፣ አንድምታውን ተመልከቱ፣ ለመምህር አቅርቡት። ልጃችሁ ወይም ታናሽ ወንድማችሁ «ይሄ እኮ ይጋጫል» ሲላችሁ አትቆጡት። የጉባኤ ቤቱን የመጀመሪያ ጥያቄ ነው የጠየቀው፤ አጠገባችሁ አስቀምጡትና አብራችሁት ፈልጉ።