ከደልሂ እስከ አግራ፦ በረመዳን የአንድ ቀን የባቡር ጉዞ

ለሕክምና ወደ ሕንድ የሚሄዱ ወገኖቻችን አስቀድመው የማያስቡት አንድ ነገር አለ። የመጠበቂያው ጊዜ ረጅም ነው። ቀዶ ሕክምናው በሰዓታት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የደም ምርመራ፣ የመድኃኒት ማስተካከያና ቀጠሮ ግን ወራት ይፈጃል። ታማሚውና አስታማሚው በእንግዳ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ግድግዳ እያዩ ይከርማሉ። በ1446 ሒጅራ ረመዳን እኛም ከጀመዓችን አንድ ወንድም ጋር ደልሂ ነበርን። ኩላሊቷን የሰጠችው ታላቅ እህቱ ናት። ንቅለ ተከላው ከተደረገ ሦስት ወር ሊሞላው ነበር። ሐኪሙ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ውሃ እየጠጣና መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰደ ለአንድ ቀን ቢወጣ እንደማይጎዳው ነገረው። እሱም «ሼኻችን፣ አገሬ ከመግባቴ በፊት ታጅ ማሃልን አሳዩኝ» አለን።

ወሬው አገር ቤት ሲደርስ ስልክ መደወል ጀመረ። «በረመዳን ሽርሽር? ያውም ወደ ቀብር?» ያሉን ነበሩ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የተለየ ምንዳ ፈልጎ ጓዝ ጠቅልሎ መጓዝ ለሦስቱ መስጂዶች ብቻ እንደሆነ ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተላለፈውን ሁላችንም እናውቃለን። እኛ ግን ወደ አግራ የተነሣነው ለዒባዳ አልነበረም። በሰው እጅ የተሠራን ነገር ለማየት፣ ከዚያም በላይ የታመመን ሰው ልብ ለማሳረፍ ነበር። ታማሚን ማስደሰት በረመዳን ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ለጉዞው የመረጥነው ጋቲማን ኤክስፕረስ የተባለውን ባቡር ነው። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ በሰዓት እስከ 160 ኪሎ ሜትር እየሮጠ 188 ኪሎ ሜትሩን በ100 ደቂቃ ይጨርሳል። ከደልሂ የሚነሣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡10 ላይ ከሐዝረት ኒዛሙዲን ጣቢያ ነው። ጣቢያው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1325 በሞቱት የቺሽቲያ ጦሪቃ ሼኽ በኒዛሙዲን አውሊያ ነው። መቃብራቸውም ከጣቢያው ብዙ አይርቅም።

ፉርጎው ንጹሕ፣ ወንበሩም ሰፊ ነው። ገና ከተማውን ሳንለቅ አስተናጋጆቹ ቁርስ ይዘው መጡ፤ የጾማችንም ጉዳይ አብሮ መጣ። ከመካከላችን አንድ ወጣት «188 ኪሎ ሜትር ከሆነ ሙሳፊር ነን፤ ማፍጠር አንችልም ወይ?» አለ። ርቀቱ በርግጥ አብዛኞቹ ዑለማ ለሰፈር ከሚጠቅሱት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ በእጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን እኛ ደልሂ ከከረምን ወራት ስላለፉን በፊቅህ ዓይን የደልሂ ነዋሪዎች ነን፤ ባቡሩም የሚነሣው ጎሕ ከቀደደ ከሰዓታት በኋላ ነው። በአብዛኞቹ መዝሀቦች ነዋሪ ሆኖ ጾሙን የጀመረ ሰው በዚያው ቀን ስለተጓዘ ብቻ አያፈጥርም፤ የሐንበሊዎች ዘንድ ፈቃድ አለ። እኛ በብዙኃኑ አቋም ጸናን። ሶላቱን ግን ከከተማ ከወጣን በኋላ አሳጠርን። ሰው ሁለቱን ሩኽሳ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ልዩነታቸውን ማወቅ ይጠቅማል።

የታማሚው ጉዳይ ሌላ ነው። የእሱ ዑዝር በሽታው እንጂ ባቡሩ አይደለም። ሆኖም ውሃውን በእጁ ይዞ በመስኮት ያይ ጀመር። «እናንተ ጾማችሁ እኔ ፊታችሁ ልጠጣ?» አለ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀን ሳይገድፍ የጾመ ሰው ነው። የበቀራ ምዕራፍ የጾምን ግዴታ በተናገረችበት ቦታ ላይ ወዲያው ታማሚን እንዳነሣች፣ ሰሓቦችም ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሲጓዙ የጾመው ያልጾመውን፣ ያልጾመውም የጾመውን እንዳልነቀፈ አነስ (ረ.ዐ) ማስተላለፉን ነገርነው። ዝም አለ። እህቱ ግን ሐዲስ አልጠቀሰችም። «ውስጥህ ያለው የእኔ ነው፤ ጠጣ!» አለችው። ጠጣ።

አግራ ጣቢያ የተቀበለን አስጎብኚ ከመንግሥት ፈቃድ ያለው፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበር። ጭስ እብነ በረዱን እንዳይጎዳ ሲባል ነዳጅ የሚጠቀሙ መኪናዎች ወደ ታጅ ማሃል አይቀርቡም። የመጨረሻውን መንገድ በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ይኬዳል፤ ለታማሚና ለአረጋዊ የሚመች ነው። እኛ በሄድንበት ጊዜ ለውጭ አገር ሰው መግቢያው 1,100 ሩፒ ነበር፤ መቃብሩ ወዳለበት አዳራሽ ለመግባት 200 ይጨመራል። ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም።

አስጎብኚው በታላቁ በር ሥር አቁሞን ስለ ድንጋዩ ቀለም ማብራራት ጀመረ። እኛ ግን ዓይናችን ሌላ ቦታ ነበር። በቀዩ ድንጋይ ላይ ነጭ ማዕቀፍ ተሠርቶለት፣ በጥቁር ድንጋይ የተለበጠ የሱሉስ ጽሕፈት ቅስቱን በቀኝ ወጥቶ፣ በላይ አቋርጦ፣ በግራ ይወርዳል። ሱረቱል ፈጅር ናት! ልጅ ሳለን በሉሕ ላይ የጻፍናት፣ የረጋችን ነፍስ ወደ ጌታዋ በመጥራትና ወደ ጀነት በመጋበዝ የምትደመደመው ሱራ። በሩን አልፈው ወደ ኋላ ሲዞሩ ደግሞ ሱረቱ ዱሓ፣ ሱረቱ ሸርሕና ሱረቱ ቲን ይገኛሉ። ጎብኚው ሁሉ በዚያ ቅስት ሥር የሚቆመው ነጩን ጉልላት ፎቶ ለማንሳት ነው፤ ከራሱ በላይ ያለውን የሚያነብ ጥቂት ነው።

ጽሕፈቱን የነደፈው ከሺራዝ የመጣው አብዱልሐቅ ሲሆን፣ ንጉሡ አማናት ኻን የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል። ፊደሉ ወደ ላይ ከፍ ባለ ቁጥር እየተለቀ ስለሚሄድ፣ ከታች ሆኖ የሚያነብ ሰው ከላይ እስከ ታች አንድ መጠን ሆኖ ይታየዋል። ስሙንም በሕንጻው ውስጥ አኑሯል። ያን ሁሉ እብነ በረድ ከጠረቡትና ከገጠሙት ሰዎች መካከል ስሙን በግድግዳው ላይ የምናነበው የቁርኣኑን ጸሐፊ ነው።

በዋናው ሕንጻ አራት ታላላቅ ቅስቶች ላይ ሱረቱ ያሲን 83 አያዎቿ በሙሉ ተጽፈዋል። ከደቡቡ ፊት ጀምሮ ሕንጻውን ካልዞሩት ተነብባ አታልቅም። እኛም በታማሚው እርምጃ ልክ፣ በየጥላው እያረፍን ዞርናት። ውስጥ ገብተን ደግሞ ከሱረቱ ዙመር፣ በነፍሳቸው ላይ ድንበር ያለፉ ሰዎች ከአላህ እዝነት ተስፋ እንዳይቆርጡ የምትናገረውን አያ አገኘን። ወንድማችን ረዘም ላለ ጊዜ እዚያ ቆመ፤ ጥበቃው «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» እስኪል ድረስ።

ታሪኩን በአጭሩ እንንገራችሁ። ሙምታዝ ማሃል የሙጋሉ ንጉሥ የሻህ ጃሃን ባለቤት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1631 በቡርሃንፑር አሥራ አራተኛ ልጇን ስትወልድ ሞተች። ግንባታው በተከታዩ ዓመት ተጀመረ፤ ግቢው በሙሉ እስኪያልቅ ሃያ ዓመት ገደማ ወሰደ። የእሷ መቃብር በአዳራሹ ትክክለኛ መሐል ላይ ነው። በግቢው ውስጥ ሁሉም ነገር በቀኝና በግራ እኩል ነው፤ ይህን እኩልነት የሚያፈርሰው በጎኗ የተቀበረው የባሏ መቃብር ብቻ ነው። ሕዝብ የሚያየው የላይኛውን ምልክት ሲሆን፣ ትክክለኛዎቹ ቀብሮች ከሥር ባለው ምድር ቤት ናቸው።

እዚህ ላይ መናገር ያለብንን እንናገር። በቀብር ላይ መገንባትን፣ በኖራ መለሰንንና መቀመጥን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መከልከላቸውን ጃቢር (ረ.ዐ) አስተላልፏል፤ ሐዲሱ በሶሒሕ ሙስሊም አለ። ስለዚህ የሕንጻው ውበት ብይኑን አይለውጠውም። ሙታንን በሰላምታና በዱዓ መጎብኘት፣ አኺራን ማስታወስ ግን የተፈቀደ ነው። እኛም ያደረግነው ይኸው ነው፤ ለሙስሊም ሟቾች ዱዓ አድርገን ወጣን። ግድግዳ መሳም፣ ሳንቲም መወርወር የመሳሰለውን ልጆቻችሁ አይተው እንዳይከተሉ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

አስጎብኚው ጥሩ ሰው ነው፤ ወሬው ግን ሰነድ አይጠየቅ! ንጉሡ የሠራተኞቹን እጅ አስቆረጠ አለን። ከወንዙ ማዶ ለራሱ ጥቁር ታጅ ማሃል ጀምሮ ነበር አለን። ወጣቶቻችን አፋቸውን ከፍተው ይቀርጹ ነበር። ለመጀመሪያው ወሬ አንድም የዘመኑ ማስረጃ የለም። ሁለተኛው የመጣው ከአንድ ፈረንሳዊ ተጓዥ ጽሑፍ ሲሆን፣ በማዶው የአትክልት ስፍራ በተደረገ ቁፋሮ የጥቁር ሕንጻ መሠረት አልተገኘም። በሐዲስ ትምህርት «ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ?» ማለትን የለመደ ጆሮ ለጉብኝትም ይጠቅማል።

ያልነገረንን አንድ ነገር ደግሞ እኛ ነገርነው። ሻህ ጃሃን ገና ልዑል ኹራም ሳለ አባቱ ጦር አስይዞ ወደ ዴካን ሲልከው፣ በዚያ ከገጠሙት መሪዎች ዋነኛው የእኛ አገር ሰው ነበር። ማሊክ አምበር እ.ኤ.አ. በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ፣ በባርነት ተሽጦ ሕንድ የደረሰ፣ በኋላም የአሕመድናገር ሱልጣኔት እንደራሴ የሆነ ሰው ነው። በ1626 እስኪሞት ድረስ ሙጋሎችን አላስተኛም። አስጎብኚው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ስሙን ጻፈ።

ከመቃብሩ በስተምዕራብ መስጂድ አለ፤ በስተምሥራቅም ቁርጥ መንትያው የሆነ ሕንጻ ቆሟል። መንትያው «ጀዋብ»፣ ማለትም መልስ ይባላል፤ ሚዛን እንዲጠብቅ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ሚሕራብ የለውም። በእኛ አገር ወደ ሰሜን የምንሰግድ ሰዎች፣ እዚያ ቂብላው ወደ ምዕራብ መሆኑን መልመድ ነበረብን። በዚያ መስጂድ ጁሙዓ የሚሰገድ ሲሆን የተፈቀደውም ለአካባቢው ነዋሪዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ዙሁርን የሰገድነው ከአግራ ምሽግ አጠገብ ባለው ጃማ መስጂድ ነው።

ይህን መስጂድ እ.ኤ.አ. በ1648 በራሷ ገንዘብ ያሠራችው የሙምታዝ ልጅ ጃሃናራ ናት። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ልብሷን እሳት ይዞት ከሞት አፋፍ ደርሳ ነበር፤ አባቷ ሰደቃ አበዛ፣ እስረኞችንም ፈታ፤ ዳነችም። የወንድማችን እህት ይህን ስትሰማ «እሷም እንደኛ ሆስፒታል ከርማለቻ!» ብላ አሳቀችን።

ምሽጉን ለማየት የቀረን ጊዜ አጭር ነበር። አክበር እ.ኤ.አ. በ1565 ያስጀመረው የቀይ ድንጋይ ግንብ ነው። ሻህ ጃሃን በ1658 በገዛ ልጁ በአውራንግዜብ ታስሮ እስከ 1666፣ እስከ ዕለተ ሞቱ የቆየው እዚያ ውስጥ ነው። ከሰገነቱ በወንዙ ጥምዝ በኩል ታጅ ማሃል ይታያል። ጃሃናራ ነጻ መሆን ስትችል ከአባቷ ጋር መታሰርን መርጣ ስምንቱን ዓመት አስታመመችው። አስታማሚነት ምን እንደሆነ ለሚያውቁ ለእኛ ሰዎች፣ ከእብነ በረዱ ይልቅ ይህ ታሪክ ከበደ።

የመልሱ ባቡር 11፡50 ላይ ተነሣ። ፀሐይዋ ከ12 ሰዓት ተኩል ጥቂት ቀደም ብላ ጠለቀች፤ ባቡሩ በሙሉ ፍጥነት እየሮጠ ነበር። ቴምራችንን ስናወጣ ከፊታችን የተቀመጠ የሕንድ ቤተሰብ ሳምቡሳ አሳለፈልን፤ እነሱም ጾመኞች ኖረዋል። ሳሞሳ ይሉታል፤ ስሙም ሊጡም የእኛው ነው። ባቡሩ ወደ ሰሜን ስለሚሄድ ቂብላው በግራ በኩል ነበር። በፉርጎዎቹ መገናኛ ላይ ሁለት ሁለት እየሆንን መግሪብን ሰገድን።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር እንጨምር። ታጅ ማሃል ዓርብ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ባቡሩም ዓርብ አይሄድም። ፓስፖርት ያዙ። ምግብ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ መድኃኒት ያለው ሰው የሐኪሙን ወረቀት ይያዝ። አስጎብኚውን ዋጋ ተስማምታችሁ ጀምሩ፤ የእብነ በረድ ሱቅ ልውሰዳችሁ ካለም ጊዜ እንደሌላችሁ በትሕትና ንገሩት።

በማግስቱ፣ ከቀጠሮው በፊት፣ ወንድማችን ወደ ኒዛሙዲን ሰፈር እንድንወስደው ጠየቀ። ጃሃናራ እ.ኤ.አ. በ1681 ሞታ የተቀበረችው እዚያ ነው። መቃብሯ በእብነ በረድ አጥር የተከበበ ነው፤ ጣራ የለውም። የላይኛው ድንጋይ መሐሉ ክፍት ሆኖ አፈርና ሣር አለበት። ከራስጌው ያለው የፋርስኛ ጽሑፍ መቃብሯን ከለምለም ሣር በቀር ምንም እንዳይሸፍነው ይጠይቃል። ሰላምታ አቅርበን ዱዓ አደረግን። ከዚያ ሰዓቱ ስለደረሰ ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ይዘን ወደ ሆስፒታል ሄድን።