አዮዲንን አዝሎ የሚገባው ሶዲየም

በደጋው አገር እንቅርት የተለመደ ነው፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እስከ መባል ደርሷል። ብዙ ሰው የመልክ ጉድለት ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ያ ያበጠ አንገት ሌት ተቀን የሚለፋ ዕጢ መሆኑ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ።

ታይሮይድ የተባለው ይህ ዕጢ ከማንቁርት በታች የመተንፈሻ ቱቦውን ከፊት አቅፎ የተቀመጠ ነው። ሆርሞኑን የሚሠራው በአዮዲን ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃል፤ ለእርጉዝ 250። በደም ውስጥ ያለው አዮዲን እጅግ ጥቂት ስለሆነ የዕጢው ሴል በኃይል መሳብ አለበት፤ በውስጡ የሚያከማቸውም ከደሙ ከ20 እስከ 40 እጥፍ ይደርሳል።

የሚስበው በሶዲየም አማካይነት ነው። በሴሉ ሽፋን ላይ ያለ ፓምፕ ጉልበት እያወጣ 3 ሶዲየም ያስወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ውጭ የተከማቸው ሶዲየም ተመልሶ ለመግባት ሲገፋ «ኒስ» በተባለው ፕሮቲን በኩል ያልፋል፤ 2 ሶዲየም ሲገባ 1 አዮዳይድ (በደም ያለው የአዮዲን መልክ) ይዞ ይገባል። የዚህን ፕሮቲን ዘረመል እነ ናንሲ ካራስኮ በ1996 እ.ኤ.አ. ለይተው አወጡት።

ስንት ኒስ እንደሚሠራ የሚያዘው ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን በደም ሲያንስ ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለውን ሆርሞን ይልካል። ቲ.ኤስ.ኤች. ከሴሉ ተቀባይ ጋር ሲገናኝ በውስጡ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. የተባለው መልእክት አድራሽ ይበዛል፤ ኒስም በብዛት ተሠርቶ ሽፋኑ ላይ ይሰለፋል። አዮዲን ካለ ነገሩ በዚህ ይረጋጋል። ከሌለ ትእዛዙ አያባራም፤ ሴሎቹ ይፋፋሉ፣ ይባዛሉ፣ አንገት ያብጣል።

ጣናን የሚያህል ሐይቅ ዳር እየኖሩ እንዴት አዮዲን ያንሳል? የደጋውን አፈር አዮዲን ዝናቡ ለዘመናት አጥቦታል። የጣና ቀረሶና አምባዛም እንደ ባሕር ዓሣ አዮዲን አይሰጡም። ስለዚህ ተስፋው ጨው ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በ1998 እ.ኤ.አ. ሲነሣ አዮዲን ያለው የአሰብ ጨው ቀረ፤ በምትኩ የመጣው የአፋሩ አፍዴራ ጨው አዮዲን አልነበረበትም። አዮዲን መቀላቀልን የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው።

ደንቡ ብቻውን ግን አይበቃም። ከክፍት ማዳበሪያ እየተሰፈረ ፀሐይና እርጥበት ሲመታው የሚውል ጨው አዮዲኑ ይቀንሳል። ጨው በደረቅና ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። እርጉዝ ባለችበት ቤት ይህ ይበልጥ ይጠበቅ፤ ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን ሆርሞን ስለማይሠራ አንጎሉ የሚያድገው በእናቱ ታይሮይድ ነው።