ሳይፈቱ የሚቀሩ የኔትወርክ ማስታወቂያዎች

የጎንደር ዩኒቨርሲቲን ከሌሎች ተቋማት ጋር በሚያገናኘው የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክም ሆነ በአራዳ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ መሣሪያዎች መስመር ሲቋረጥ ወይም መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲሠሩ በኤስኤንኤምፒ ደንብ «ትራፕ» የተባለውን ማስታወቂያ ለተቆጣጣሪው ኮምፒዩተር ሊልኩ ይችላሉ። ማስታወቂያው የሚጻፈው በቁጥር ሰንሰለት ስለሆነ፣ «ሚብ» የሚባለው የአምራቹ መፍቻ ፋይል ካልተጫነ ትርጉሙ አይታወቅም። ያልተፈታውን መጣል ግን አደገኛ ነው። ትራፕ መልስ ስለማይጠብቅ ላኪው መጣሉን ከቶ አያውቅም፤ ባትሪውም ማንም ሳይሰማ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1993 በሁለተኛው እትም የገባው «ኢንፎርም» ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ይሁንና ማረጋገጫው መድረሱን እንጂ መተርጎሙን አይመሰክርም። ስለዚህ ያልተፈታው ማስታወቂያ ከነቁጥሩ፣ ከላኪው አድራሻና ከሰዓቱ ጋር መመዝገብ ይኖርበታል፤ ሚቡ ሲገኝ ተመልሶ ይነበባልና። መሣሪያ ሲገዛም መፍቻው አብሮ እንዲቀርብ በውሉ ይጻፍ።