«ሰላም» ብሎ መጠበቅ ስንት ያስከፍላል?

ቴሌግራም ላይ ጥያቄ እንዴት እንደምንጠይቅ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ «ሰላም»። ከዚያ ዝም። ሰውየው «ሰላም፣ እንዴት ነህ?» እስኪል እንጠብቃለን፤ ጤናውን፣ ሥራውን እንጠይቃለን፤ ጉዳያችን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ጨዋነት ነው፤ እኔም እንደዛው ነው ያደግኩት። ግን ይሄ ጨዋነት አንዴ ሦስት የሥራ ቀን በልቶብኛል።

ከቤቴ ሆኜ ለአንድ የሞባይል አፕ ቡድን እሠራለሁ። አፑን እየሞከርኩ ስህተት ሳገኝ እመዘግባለሁ፤ የሚከፈለኝም ባለቀ ሥራ ልክ ነው። ኮዱን የሚጽፈው ልጅ ካሊፎርኒያ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ «ሰላም፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ» ብዬ ላክሁለት። እሱ ጋ እኩለ ሌሊት ነው። ሥራ ሲገባ «ሰላም፣ ምንድነው?» ብሎ መለሰ፤ እኛ ጋ ግን መሽቷል፣ መብራትም ጠፍቷል። በማግስቱ «የክፍያው ቁልፍ አይሠራም» አልኩት። ተኝቷል። ማታ ላይ «በየትኛው ስልክ?» አለኝ። የስልኩን ሞዴል የነገርኩት በሦስተኛው ቀን ነው።

ጎን ለጎን ብንቀመጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ኢኮኖሚክስ ስማር የግብይት ወጪ የሚባለውን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ሳምንት ነው።

አንዳንድ ቡድኖች ነገሩን በሚቲንግ ይፈቱታል። በሌላ አነጋገር እንቅልፍ የምናጣው እኛ ነን፤ እነሱ ከምሳ በኋላ «አጭር ሚቲንግ» ሲሉ እኛ ጋ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ነው። በዚያ ላይ እነሱ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም፤ ልዩነቱ አንዴ 10፣ አንዴ 11 ሰዓት ይሆናል።

ሌላው መንገድ ማንም ማንንም ኦንላይን ሳይጠብቅ መሥራት ነው፤ አሲንክሮነስ ይሉታል። ጊትላብ የተባለው ኩባንያ ሠራተኞቹ በየአገሩ ተበትነው የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው፤ የአሠራር መመሪያውንም ማንም እንዲያነበው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦታል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው ጊት ደግሞ የኮዱን ሙሉ ታሪክ በእያንዳንዱ ፕሮግራመር ኮምፒውተር ላይ ያኖራል። ኔትወርክ ሲሄድ ሥራህን ላፕቶፕህ ላይ መዝግበህ ትቀጥላለህ፣ ሲመለስ ትልካለህ። ለኛ ሰፈር ኔትወርክ ታስቦ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ጊት ግን መልእክት መጻፍ አያስተምርም። እኔ አሁን እንዲህ ነው የምጽፈው፦ «ሰላም። በሳምሰንግ ኤ12፣ አንድሮይድ 11፣ የክፍያውን ቁልፍ ስጫን ገጹ ነጭ ይሆናል። በዋይፋይ ይሠራል፣ በሞባይል ዳታ አይሠራም። ሦስቴ ሞክሬዋለሁ፣ ቪዲዮው ይኸው። እስከ ነገ መልስ ካላገኘሁ የመመዝገቢያውን ገጽ መሞከር እጀምራለሁ።» ሰላምታው አልቀረም፤ ብቻውን አይሄድም እንጂ። ለኔ ትልቁ ነገር የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። እሱ ተኝቶም ቢሆን እኔ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም።

ሰዓትም አለ። «3 ሰዓት ላይ እጨርሳለሁ» ብዬ በኛ አቆጣጠር ጽፌ እነሱን ግራ ያጋባሁበት ቀን አለ። አሁን በዩቲሲ እጽፋለሁ፤ የኛ ጠዋት 3 ሰዓት 6:00 ዩቲሲ ነው።

ይሄ ሁሉ የሚሠራው መብራት ለግማሽ ቀን ሲጠፋ ነው። በሰኔ 2012 እንደሆነው ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ ግን የትኛውም ጥሩ መልእክት አያድንም። በጽሑፍ ተጣልቶ በጽሑፍ መታረቅም ከባድ ነው፤ ያኔ መደወል ይሻላል።

ባለፈው ሳምንት ማታ አንድ ስህተት መዝግቤ ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ ተስተካክሎ አገኘሁት። ልጁ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሯል፦ «ለመሆኑ አንተስ ደህና ነህ?»